ወጪት ሰባሪው ማን ነው?

በአገራችን ሰውን አንገት ከሚያስደፉት ቃላት አንዱ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» የሚለው ነው። ሌባ የሰው ገንዘብ ወሰደ ይባላል፤ ወጪት ሰባሪ ግን ያበላውን እጅ አዋረደ ይባላልና ስድቡ ከሌባ ስድብ ይከፋል። ውለታን የሚያከብር ሕዝብ እንዲህ ያለ ቃል ማውጣቱ አያስደንቅም፤ የሚያስመሰግነውም ነው። ዳሩ ግን ይህ ቃል ያለ ቦታው የሚወድቅበት ጊዜ አለ። በሰው እንጀራ ተምሮ ለቁም ነገር የበቃ ወጣት እውነት ሆኖ የታየውን ለመናገር አፉን በከፈተ ቁጥር ቃሉ ይወረወርበታል። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንመለከተው ያሰብነው ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ይኸውም፣ ሀብት ያለው ቤተሰብ የተማሪ መሪዎችን በዩኒቨርሲቲ ላስተምር ብሎ ገንዘብ ቢመድብ፣ ከተማሪው ምን ሊጠብቅ ይገባዋል? የሚለው ነው።

ጥያቄው ያለ ጊዜው የተነሣ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲከፍል አደረገ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ መንግሥት ወጪውን ከሚሸፍንላቸው ተማሪዎች ጎን ከኪሳቸው ከፍለው የሚማሩም ተሰልፈዋል። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲው ደጅ ለድኻ ልጅ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ የመንግሥት እጅ ብቻውን አይበቃም፤ የቤተሰብና የወዳጅ እጅ ሊጨመርበት ይገባል።

«መልካም፤ ግን ለምን ለተማሪ መሪ? ለምን ከሁሉ በላይ ውጤት ላመጣው ወይም ከሁሉ በላይ ለቸገረው አይሰጥም?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ጊዜ ስላልሆነን ነገሩን በቅርብ አይተነዋል። የተማሪ መሪ ስንል በመድረክ ላይ የሚጮኸውን ብቻ ማለታችን አይደለም። የጓደኛው ውጤት ጠፍቶበት በሬጅስትራር ደጅ ግማሽ ቀን የሚቆመው፣ በሌሊት የታመመ ልጅ ደግፎ ወደ ክሊኒክ የሚወስደው፣ አባቱ ለሞተበት ተማሪ ገንዘብ የሚያሰባስበው፣ ለማየት ለተሳነው ጓደኛው መጽሐፍ የሚያነበው ተማሪ መሪ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰዓት ይበላል። ድኻ ተማሪ ደግሞ ትርፍ ሰዓቱን ለእንጀራው ይፈልገዋል፤ ማታ ማታ በየሰው ቤት እየዞረ ልጆች ካላስጠና የሳሙናና የወረቀት መግዣ አያገኝም። ስለዚህ ልቡ ቢፈቅድም «እኔ ሌላ ሥራ አለብኝ» ብሎ ከምርጫ ይሸሻል። የመሪነቱ ወንበር ለማን ይቀራል? ከቤቱ ለሚላክለት፣ አለዚያም ከኋላው ሆኖ የሚያበላው ሌላ አካል ላለው ብቻ ይቀራል። ለተማሪ መሪ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የድኻ ልጅ ሰውን የማገልገል ዕድል እንዳይነፈገው ያደርጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የውሉ ጉዳይ ነው። ለዚህም ከሩቅ አገር ምሳሌ ከመፈለጋችን በፊት ዓይናችንን ወደ እንጦጦ እናንሣ። ከእንጦጦ ጋራ ላይ ቆሞ ወደ ከተማይቱ ለሚመለከት ሰው ሦስት ዓይነት የትምህርት ገበታ ከግሩ በታች ተዘርግቶ ይታየዋል። አንደኛው በጋራው ላይ ባሉት በማርያምና በራጉኤል፣ ወደ ምሥራቅ ዘወር ሲሉም በየካ ሚካኤል፣ እንዲህ ባሉት ደብሮች ዙሪያ የኖረው የአብነት ተማሪ ገበታ ነው። ሁለተኛው በየካ ክፍለ ከተማ ጫፍ የሚገኘው የኮተቤ ነው። ሦስተኛው ከጋራው ሥር የተቀመጠው ስድስት ኪሎ ነው። የሦስቱም ታሪክ ስለ ሰጪና ስለ ተቀባይ የሚያስተምረው ነገር አለው።

ከአብነት ተማሪው እንጀምር። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ የቤቲቱ እመቤት እንጀራ ቆርሳ ትሰጠዋለች። የማን ልጅ እንደሆነ አትጠይቀውም፤ ነገ ሊቅ ሲሆን ምን ብሎ እንደሚያስተምር ቃል አታስገባውም። እርሱም ተምሮ ቅኔ መዝረፍ ሲጀምር፣ በሰሙ አመስግኖ በወርቁ ባለጸጋውንም ሹሙንም መንካት እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። እንዲያውም ሰምና ወርቅ የሚያደንቅ ጉባኤ ነቀፌታውን ፈልቅቆ ሲያገኘው ደስ ይለዋል እንጂ «እንጀራዬን በልቶ» አይልም። ምክንያቱም የቆሎ ተማሪን ያበላው አንድ ቤት ሳይሆን አገር ነው፤ እንጀራውም ለነፍስ የተሰጠ ነው። አያቶቻችን የነፃ ትምህርት ዕድልን ውል ሳይጽፉ እንዲህ አድርገው ይዘውት ኖረዋል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ገበታው ከአገሩ ሁሉ ወደ አንድ ትልቅ ቤት ተዛወረ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ገና ንጉሠ ነገሥት ሳይሆኑ ወጣቶችን እየመረጡ ወደ ውጭ አገር ይልኩ ነበር። ከነዚህ አንዱ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። በ1913 ዓ.ም. ወደ ሕንድ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተልከው በ1927 ዓ.ም. ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ወደ ጦርነቱ መጡ፤ በኋላም ወደ ኒው ዮርክ ተመልሰው በ1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ የአሜሪካ ጥቁሮችን ለኢትዮጵያ ሲያነሣሡና ገንዘብ ሲያሰባስቡ ጤናቸው ታውኮ በ1932 ዓ.ም. አረፉ። ውለታ መመለስ ሲባል ሰው ሁሉ በቀላሉ የሚገባው እንዲህ ያለው ነው፤ ልኮ ያስተማረ ቤት በችግሩ ቀን ያስተማረውን ልጅ አጠገቡ አገኘው።

ከድል በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መምህራንን በሚያወጣበት በዚያው ሠፈር፣ ያን ጊዜ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆች አዳሪ ሆነው ይማሩ ነበር። መኝታቸውም ምግባቸውም ልብሳቸውም በነፃ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ እየመጡ ይጎበኟቸው ነበር፤ ልጆቹም እንደ አባት ያዩአቸው ነበር። ከኮተቤና ከጄኔራል ዊንጌት የወጡት ተማሪዎች በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሞሉት፤ በዚያም እንደዚሁ ተመግበውና አድረው ይማሩ ነበር። ገንዘቡ የመንግሥት ቢሆንም፣ ሰጪው አባት፣ ተቀባዩ ልጅ፣ ስጦታውም የቤተሰብ ገበታ ተደርጎ ይታይ ነበር። የኋላው ቅያሜ የተፀነሰው ከዚሁ አስተያየት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የነፃ አፍሪቃ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለሌሎች አፍሪቃውያን 200 የነፃ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኦኮ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቁ ናቸው። እነዚህ እንግዶች ከቅኝ ገዥ ጋር ሲከራከሩ ያደጉ ስለነበሩ ስለ ፖለቲካ ሳይፈሩ ይናገሩ ነበር፤ የእኛዎቹም በየመኝታ ክፍሉና በየክርክር ክበቡ ከእነርሱ ጋር ሲነጋገሩ ብዙ ነገር መጠየቅ ጀመሩ። ሰጪው እንግዳ ጠርቶ እንጀራ አበላ፤ እንግዳው ደግሞ ለቤቱ ልጆች ጥያቄ ይዞ መጣ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በተደረገ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ደገፉት። «ወጪት ሰባሪ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ በተማሪው ላይ መውደቁ አይገርምም። ነገር ግን የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በዚያ ሙከራ ጊዜ ሹማምንት ታግተው የተገደሉበት የንጉሠ ነገሥቱ የቤተሰብ መኖሪያ፣ ለተማሪዎች ተሰጠ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ተመርቆ ተከፈተ፤ የቤተ መንግሥቱም ሕንፃ በንጉሠ ነገሥቱ አባት ስም ራስ መኮንን አዳራሽ ተባለ። ስለ ስጦታው ምክንያት ሰው የመሰለውን ይናገራል፤ ሆኖም አንድ ቤተሰብ የአባቱን ስም ለማስጠራት ቤቱን ለትምህርት መስጠቱ ትልቅ ሥራ እንደነበረ የሚክድ የለም። ዛሬም ያ ቤት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መኖሪያ ሆኖ ያገለግላል።

ቤቱ ተሰጠ፤ የተማሪው አንደበት ግን አልተለቀቀም። በኮሌጁ በዓል ቀን ተማሪዎች ግጥም ያነቡ ነበር፤ ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. ያቀረበው «ድኻው ይናገራል» ከነዚህ ሁሉ የታወቀው ነው። ግጥሞቹ እየመረሩ ሲሄዱ የተማሪ መሪዎች ተቀጡ፤ ከ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮም የአዳሪነቱ ሥርዓት ቀረ። ገበታው ታጠፈ ማለት ነው፤ አፉ ግን አልተዘጋም። ተማሪው ከግቢ ወጥቶ በየመንደሩ ቤት ሲከራይ ድኻውን በግጥም ሳይሆን በጎረቤትነት አወቀው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በስድስት ኪሎ አጠገብ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ በማግሥቱም ወታደሮች ግቢው ገብተው ሌሎች ተማሪዎች ሞቱ። ጥላሁን የልዑል መኮንን የሐረር መስፍን ባለቤት ወንድም ነበር። እንግዲህ የተናገረው ከውጭ የመጣ ባዕድ አልነበረም፤ ከቤተሰቡ ገበታ አጠገብ ያደገ ልጅ ነበር።

ተማሪዎቹ በየካቲት 1957 ዓ.ም. የጠየቁት ነገር በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ወጣ። ልክ ዐሥር ዓመት መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ገበታውን የዘረጋው ቤት ከመንበሩ ወርዶ ነበር፤ ያወጁትም ተማሪዎቹ ሳይሆኑ ወታደሮች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ በተማሪው ትውልድ ላይ የወረደውን መዓት ሁሉም ያውቀዋል። እዚህ ላይ ተማሪዎቹ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ወጣት ይቸኩላል፣ የቸኮለም ይስታል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ለዚያ ሁሉ እንጀራ፣ ለዚያ ሁሉ አልጋና መጽሐፍ ከተመለሱት ውለታዎች ውስጥ ለሰጪው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ወቀሳው ነበር። በጊዜው ቢሰማ ኖሮ ቤቱንም አገሩንም ከብዙ ነገር ባዳነ ነበር። የመላኩ በያን አገልግሎት ውለታ ከሆነ፣ የግጥሙ ወቀሳም ውለታ ነበር፤ ሰጪው ግን አንደኛውን ተቀብሎ ሁለተኛውን ወጪት መስበር አለው።

ሌላው ዓለምም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በተማሪ መሪዎች ስኮላርሺፕ ስሙ የገነነው የሴሲል ሮድስ ነው። ሮድስ በደቡብ አፍሪቃ በአልማዝ የበለጸገ፣ የአፍሪቃውያንን መሬት የነጠቀ ቅኝ ገዥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሞት ከእውቀት በተጨማሪ ጠባየ መልካሞችን፣ ለደካማ የሚያዝኑትንና የመምራት ዝንባሌ ያላቸውን ወጣቶች በኦክስፎርድ እንዲያስተምሩበት ሀብቱን ተናዘዘ። ሴቶች እስከ 1977 አልተፈቀደላቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሮድስ ሐውልት በተማሪዎች ጩኸት ተነሣ፤ በኦክስፎርድም ያለው ይነሣ ብለው ከተነሡት መካከል በዚያው በሮድስ ገንዘብ የሚማሩ ይገኙበት ነበር። «ገንዘቡን እየበሉ ሐውልቱን ይጥላሉ» ተብለው ተዘለፉ፤ የነፃ ትምህርት ዕድላቸው ይነጠቅ የሚሉም ተነሡ። ግን አልተነጠቀም። ስለዚህ ስኮላርሺፑ ዛሬም አለ፤ ለጋሹን የሚወቅሰውንም ሰው እያስተማረ ይኖራል። የለጋሹ ታሪክ ሳይሆን የውሉ ጽናት አቆየው።

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። ከየካ እስከ ጉለሌ፣ ከመገናኛ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በንግድም በውጭ አገር ሥራም ሀብት ያፈሩ ቤተሰቦች ሞልተዋል። አባት ወይም እናት ባረፉ ጊዜ ልጆች ተሰብስበው «ስማቸውን በምን እናስጠራ?» ይላሉ። ድንኳን ይጣላል፤ በሬ ይታረዳል፤ ተዝካር ይበላል። ተዝካሩን የምንነቅፍ አይደለንም። ሆኖም ከዚያው ገንዘብ ከፊሉ በባንክ ተቀምጦ በየዓመቱ አንድ የተማሪ መሪ ቢያስተምር፣ የእናትየዋ ስም በድንኳኑ ቀን ብቻ ሳይሆን በየምረቃው ቀን ይጠራል። ይህን ለሚያስቡ ሁሉ ከታሪካችን የተማርነውን አራት ነገር እንጠቁም።

መጀመሪያ፣ መራጩ ሰጪው አይሁን። መምህራንና ተማሪዎቹ ራሳቸው በጉባኤ ይምረጡ፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቢገኝ ይበቃል። ቤተሰቡ ብቻውን ከመረጠ የሚያገኘው መሪ ሳይሆን እጅ ነሺ ነው። ሁለተኛ፣ የሚመረጠው በንግግሩ ሳይሆን በሥራው ይሁን፤ ባለፈው ዓመት ማንን እንደረዳ ጓደኞቹ ይመስክሩለት። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ መጠነኛ ይሁን። የትምህርቱን ክፍያ፣ የምግቡንና የመጽሐፉን ወጪ ከሸፈነ በቂ ነው፤ ከጓደኞቹ በላይ የሚያስለብሰው ከሆነ መሪነቱን ወደ ሹመት ይለውጥበታል። አራተኛውና ዋናው፣ ስጦታው እስኪመረቅ ድረስ የጸና መሆኑ በጽሑፍ ይቀመጥ። ትምህርቱን ትቶ ከወደቀ ወይም በፈተና ካጭበረበረ ይቅርበት፤ በተናገረው ነገር ግን አይቅርበት። ሒሳቡንም ለሰጪው ቤተሰብ ሳይሆን ለመረጡት ተማሪዎች ያቅርብ።

«በገዛ ገንዘባችን የሚሰድበንን ልናሳድግ ነውን?» የሚል ቅር የተሰኘ ድምፅ ይሰማናል። መልሳችን አጭር ነው። ስድብና ወቀሳ ይለያያሉ፤ ተሳዳቢን የገዛ ጓደኞቹ አይመርጡትም። ወቃሽን የሚፈራ ቤተሰብ ግን ስኮላርሺፕ ከሚሰጥ ዘበኛ ቢቀጥር ይሻለዋል፤ የዘበኛ ደመወዝ ውለታ አይባልም፣ የተማሪ እንጀራም ደመወዝ አይባልም። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ከሁለቱም አያገኝም።

ይህ ነገር ለሰጪ ብቻ የሚነገር አይደለም። እናንተ በዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ወጣቶች፣ የሰው እንጀራ ስትበሉ ምስጋናችሁን በሙሉ ልብ ስጡ፤ ማመስገን አንደበትን መሸጥ አይደለም። ስትወቅሱም ቃላችሁን መዝናችሁና ማስረጃ ይዛችሁ ይሁን፤ ያላጣሩትን መናገር የመናገርን መብት ያረክሳል። እናንተም በቅርቡ ወንበር የያዛችሁ ወጣት ሹማምንት፣ ከበታቻችሁ ያለው ሠራተኛ አንድ ቀን «ይህ አሠራር ልክ አይደለም» ቢላችሁ «እኔ ነኝ ያስቀጠርኩህ» ከማለት ተጠንቀቁ። ይህ ቃል በእንጦጦ ሥር ትልቅ ቤትን ከልጆቹ ለይቷል፤ ትንሽ ቢሮን ከሠራተኛው ለመለየት አይቸግረውም።

ወጪት ሰባሪ ማለት ጎተራው እየጎደለ መሆኑን አይቶ፣ እንጀራዬ ይቀርብኛል ብሎ ዝም የሚል ሰው ነው። ቤቱ የተራበ ዕለት ወጪቱ ባዶውን ይቀራል፤ ባዶ ወጪት ደግሞ ተሰበረ አልተሰበረ ለማንም አይጠቅም። ልጅ አስተምሮ የሚናገረውን የሚሰማ ቤተሰብ ግን ገንዘቡን በከንቱ አላወጣም ብለን እናምናለን።